ገና ከቀኑ የተነሣበት ዘመን

  ፊደል ከቆጠራችሁ ጥቂት ወራት ብቻ ከሆናችሁ ቀስ እያላችሁ አንብቡ። የከበዳችሁ ቃል ቢኖር እለፉትና ኋላ ተመለሱበት። ልጆች አጠገባችሁ ካሉ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው፤ ወሬው እነሱንም ይመለከታል።

የዛሬው ወሬያችን ስለ ገና ነው።

በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ይገባል። ሥጋው፣ ቅቤው፣ ወተቱና እንቁላሉ ከማዕድ ይወጣል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው የሐይቅ ዳር ሰው የማያልቅ ክርክር ነውና ዛሬ አንገባበትም። ትልቅ ሰው ጾሙን ለምዶታል። ሕፃን ልጅ ግን ባይጾምም እንኳ የቤቱ ወጥ መለወጡን ያውቃል። ስለዚህ ይጠይቃል።

«እምዬ፣ ገና ስንት ቀን ቀረው?»

አያት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አያዩም። ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥራሉ። «ጽዮን አለፈች። በዓታ አለፈች። ገብርኤል ሲውል ዐሥር ቀን ይቀረዋል። ያን ጊዜ ጠይቀኝ፤ አሁን ሂድ ተጫወት» ይላሉ።

እናንተ ቁጥር ተምራችኋል። እስቲ የአያትን ሒሳብ በወረቀት እንሥራው። ከኅዳር 15 እስከ ኅዳር 30 ድረስ 16 ቀን አለ። በዚያ ላይ የታኅሣሥን 28 ቀን ጨምሩ። 44 ቀን ይሆናል። ጾሙ ይኸው ነው። በማግስቱ፣ ታኅሣሥ 29፣ ገና ነው። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ከዚያ በኋላ በሚመጣው ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ ማለት ነው፣ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል። አያት ይህንም አይስቱም። «ዘንድሮ ዮሐንስ ነው፤ አንድ ቀን ቀደመልህ» ይሉታል።

ይህን ሒሳብ ያዙት። ኋላ ትልቅ ነገር እናይበታለን።

ገብርኤል ሲያልፍ ቤት ሁሉ ይነቃነቃል። ጠላው ቀደም ብሎ ተጠንስሷል። ጌሾው ምናልባት ከዘጌ የመጣ ነው። ዘጌን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከባሕር ዳር በሐይቁ ማዶ የሚታየው ደናማ ምድር ነው። እዚያ ማረስና ከብት ማርባት በልማድ ክልክል ሆኖ ኖሯል። ሰዉ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ስለዚህ የዘጌ እናት ጤፏን ከገበያ ታመጣለች፤ የባሕር ዳር እናት ደግሞ ጌሾዋን ከዘጌ። በሁለቱ መካከል ከደንገል የተሠራው ታንኳ ሲመላለስ ኖሯል። ዛሬ የሞተር ጀልባም አለ። አንዱ ዳር ለብቻው ገናን አያከብርም ብል ማጋነን አይሆንም።

በዓሉ የሚውለው በትልቁ ቤት ነው። ትልቁ ቤት ስል ሰፊውን ማለቴ አይደለም፤ አያቶች ያሉበትን ማለቴ ነው። ያገቡ ሴቶች ልጆች ባላቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ድፎ ዳቦ የያዘች ትመጣለች፤ ዶሮ ያሰረች ትመጣለች። የክርስትና ልጅም ይመጣል። ከሩቅ የሚመጣው አጎት ዋዜማውን ማታ በሩን ያንኳኳል። ልጆቹ ከሐይቁ ዳር ያጨዱትን ቄጠማ ወለሉ ላይ ይጎዘጉዛሉ፤ ከመጎዝጎዛቸው መንከባለላቸው ይብሳል። ሌሊት ትልልቆቹ ለማኅሌት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ትንንሾቹ እንዳይተኙ ይምላሉ፤ ወዲያውም ይተኛሉ።

ጠዋት ዶሮው በ12 ብልት ተሠርቶ ይቀርባል። የትኛው ብልት ለማን እንደሚወጣ የቤቱ እናት ታውቃለች። ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ከገዙ ቅርጫው በመደብ በመደብ ይከፈላል፤ ማንም ማንን እንዳይቀየም ዕጣ ይጣላል። ዕጣውን ብዙ ጊዜ ልጅ ያነሣል። ልጅ አያዳላም ይባላል። እኔ በልጅነቴ ዕጣ ሳነሣ ለአባቴ ወፍራሙ መደብ እንዲወጣ በልቤ እመኝ ነበርና፣ ይህ አባባል እውነት መሆኑን እጠራጠራለሁ።

የጣና ዳር ልጆች የገናን ታሪክ የሚማሩት ከሥዕልም ነው። በዘጌ እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የልደትና የስደት ታሪክ በቀለም ተሥሏል። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ሥዕሉን ያነብ ነበር። በሐይቁ ምሥራቅ ስላለው ስለ ጣና ቂርቆስ ደግሞ አባቶች የሚያወርሱት ትውፊት አለ። እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ከሄሮድስ ስትሸሽ እዚያ ድረስ መጥታ 3 ወር ከ10 ቀን ቆየች ይላሉ። ስለዚህ ለዚህ አገር ልጅ ቤተ ልሔም ሩቅ አይደለችም። ከታንኳው ማዶ ናት።

እንግዲህ አሁን ወደ 400 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ እንመለስ።

በባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ግቢ አንድ አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ አለ። የከተማው ሰው በአጼ ሱስንዮስ ዘመን ተሠራ ይላል። ሱስንዮስ ከ1599 እስከ 1624 ዓ.ም. የነገሡ ንጉሥ ናቸው። ከጣና አጠገብ መኖር ይወዱ ነበር። በሐይቁ ሰሜን ዳር ጎርጎራ ላይ፣ ኋላም በደንቀዝ ቤተ መንግሥት ነበራቸው። በ1595 ዓ.ም. ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የስፔን ካቶሊክ ካህን ወደ አገራችን መጣ። ብልህና ለዘብተኛ ሰው ነበር። አማርኛና ግእዝ ተማረ። ከንጉሡ ጋር ተወዳጀ። ንጉሡም ከፖርቱጋልና ከስፔን የጦር ርዳታ ይፈልጉ ነበርና ወደ ካቶሊክ እምነት አዘነበሉ። በ1614 ዓ.ም. እምነታቸውን በይፋ ገለጹ። ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ።

ቀጥሎ የመጣው ሰው አልፎንሶ ሜንዴዝ ይባላል። ከሮማ ፓትርያርክ ተብሎ የተላከ የፖርቱጋል ሰው ነው። በየካቲት 1618 ዓ.ም. ንጉሡ በደንቀዝ በመኳንንቱ ፊት ተንበርክከው ለሮማው ጳጳስ ለመታዘዝ ማሉ። ሜንዴዝ እንደ ፓኤዝ ቀስ ማለትን አያውቅም ነበር። ካህናቱ እንደ አዲስ ክህነት ይቀበሉ ተባለ። የተጠመቀው ሰው፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም፣ እንደገና ይጠመቅ ተባለ። ግርዛት ይቅር፣ ቅዳሜ አይከበር ተባለ። ጾሙና በዓሉም በሮማ አቆጣጠር ይሁን የሚል ትእዛዝ ወጣ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። «የሮማ አቆጣጠር» ምን ማለት ነው?

ቀድሞ የእኛና የእነሱ ገና በአንድ ቀን ይውል ነበር። በ1575 ዓ.ም. ግን የሮማው ጳጳስ 13ኛው ጎርጎርዮስ የቀን መቁጠሪያቸው ከፀሐይ ጉዞ ጋር እንዳልገጠመ አይተው አረሙት። 10 ቀን ከመካከል ቆርጠው ጣሉ። ያን ጊዜ የእነሱ ገና ከእኛው በ10 ቀን ቀደመ። ታኅሣሥ 29 ይውል የነበረው በእኛ ቁጥር ታኅሣሥ 19 ላይ ወደቀ።

ታኅሣሥ 19 ምንድን ነው? አያት ምን ብለው ነበር? «ገብርኤል ሲውል ዐሥር ቀን ይቀረዋል!» አያችሁ? በትእዛዙ መሠረት ገና በገብርኤል ቀን ይዋል ማለት ነው። ሒሳባችንን አውጡ። የኅዳር 16 ቀንና የታኅሣሥ 19 ቀን ሲደመር 35 ነው። ጾሙ በ35ኛው ቀን ይፈታ ማለት ነው።

እስቲ ይህን በአንድ ቤት ውስጥ አስቡት። አዋጁ ዛሬ ገና ነው ይላል። ጠላው አልደረሰም። በሬው ገና አልተገዛም። ያገቡት ሴቶች ልጆች የሚመጡት በታኅሣሥ 28 ማታ ነው፤ ከእናታቸው የተማሩት ቁጥር ያ ነውና። ከልጆቹ አንዱ የንጉሡ ወታደር ከሆነ ሥጋ እንዲበላ ታዟል። እናቱ ጾም ናት። በአንድ ማዕድ ዙሪያ ማን ይቀመጣል? ሕፃኑስ «ገና ዛሬ ነው ወይስ በኋላ?» ብሎ ቢጠይቅ ማን ይመልስለታል? የሊቃውንቱን ክርክር ገበሬው ሁሉ አይከተለው ይሆናል። ይህ ጥያቄ ግን ከእያንዳንዱ ምድጃ አጠገብ የሚደርስ ነበር።

ጦርነቱ የተነሣው በገና ቀን ምክንያት ብቻ ነው እንዳትሉኝ። ዋናው ክርክር ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ነበር። የሥልጣን ጉዳይም ነበረበት። ነገር ግን እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሕዝብ ብዙ ነገር ይችላል፤ የልጁ ጥምቀት ሐሰት ነው ሲሉትና የበዓሉን ቀን ሲነሡት ግን አይችልም።

በየአገሩ ዓመፅ ሆነ። ከጣና ደቡብ ጎጃምን የሚገዙት የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ አጥብቀው ካቶሊክ ነበሩና ትእዛዙ በዚህም ወገን ብርቱ ነበር። የላስታ ሰዎች መልክአ ክርስቶስን መሪ አድርገው ተነሡ። ንጉሡ ነገሩ እንደከበደ ባዩ ጊዜ ሜንዴዝን እንዲያላላ ለመኑት። ጥቂት አላላ። በዓላት በቀድሞው ቁጥር ይዋሉ አለ፤ ፋሲካና ከፋሲካ ጋር የሚወጡ የሚወርዱት ግን በሮማ ይሁኑ አለ። እንግዲህ ገና ከፋሲካ ቀድሞ ወደ ቀኑ ተመለሰ ማለት ነው። ግን ዘግይቶ ነበር።

በ1624 ዓ.ም. ሰኔ ላይ በወይና ደጋ ታላቅ ጦርነት ሆነ። ንጉሡ አሸነፉ። በሜዳው ላይ የወደቁት በሺህ የሚቆጠሩት ሁሉ የገዛ አገራቸው ገበሬዎች ነበሩ። ከዚህ ድል በኋላ ሱስንዮስ ደስ አላላቸውም። በዚያው ወር የቀድሞው ሃይማኖት ይመለስ፣ ልጄ ፋሲል ይንገሥ ብለው አዋጅ አስነገሩ። ጥቂት ወራት ቆይተው በመስከረም 1625 ዓ.ም. ሞቱ።

እኔ ሱስንዮስን ክፉ ንጉሥ ነበሩ ብዬ አላስተምርም። አሸንፈው ሳለ የተሳሳቱትን የመለሱ ነገሥታት በዓለም ታሪክ ብዙ አይደሉም።

ልጃቸው አጼ ፋሲለደስ የውጭ ካህናቱን ከአገር አስወጡ። በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆሩ። አጽማቸው ዛሬም በጣና መካከል በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ይገኛል። የሮማ ሰዎችም ኋላ ትምህርት ወሰዱ መሰል፣ ዛሬ ያሉት የኢትዮጵያ ካቶሊኮች በግእዝ ይቀድሳሉ፤ ገናንም ታኅሣሥ 29 ከጎረቤታቸው ጋር ያከብራሉ።

በሁለቱ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ከዘመን ብዛት አድጎ አሁን 13 ቀን ሆኗል። የፈረንጅ ገና ዛሬ በእኛ ታኅሣሥ 16 ላይ ይውላል። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች ናቸው። ትምህርት ቤታቸው የሚዘጋው በአንደኛው ገና ነው። ዶሮ ወጡ የሚሠራው በሌላው ነው። ግን ማንም ጦር አይመዝም። ልጆቹ እንዲያውም ሁለቱንም ይወዱታል፤ ልጅ አይደሉ?

ወደ ቤታችን እንመለስ። ከምሳ በኋላ ወንዶች ልጆች ወደ ሜዳ ይወጣሉ። ቆልማማውን የገና በትር ቀደም ብለው ከጫካ ቆርጠው አዘጋጅተዋል። ሩሩ ከእንጨት ተጠርቧል፣ ወይም ጥንጉ ከጠፍር ተገምዷል። ከዚህ መንደር ይህን ያህል፣ ከዚያ መንደር ይህን ያህል የሚል ቁጥር የለም፤ የመጣ ሁሉ ይጫወታል። እረኞቹ የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ በያዙት በትር ተጫወቱ ይባላል፤ ጨዋታውም ከዚያ መጣ ይላሉ። በዚያን ቀን ድሮ ሎሌ ጌታውን ገፍትሮ ሩር ቢወስድ ጌታ መቆጣት አይፈቀድለትም ነበር። በማግስቱ ግን ሎሌው ሎሌ ነው፤ ይህንም አንርሳ። ዛሬ በከተማው ጨዋታው እየቀነሰ ነው። የእግር ኳስ በዝቷል። በገጠሩ ግን አሁንም አቧራው ይነሣል። ጉልበቱ የተላጠ ልጅም እያነከሰ ወደ አያቱ ይመለሳል።

አያቱም ቁስሉን ያጥቡለታል። እሱ ግን ስለ ቁስሉ አይጠይቅም።

«እምዬ፣ ጥምቀት ስንት ቀን ቀረው?»

ዛሬ ታኅሣሥ 29 ነው። ጥምቀት ጥር 11 ነው። ታኅሣሥ 30 ቀን አለው። እርሳሳችሁን አንሡና መልሱለት።