ጉርሻ፤ ከመሶቡ እስከ ሒሳቡ ወረቀት

በራቤል ደጋ እንግዳ ከመሶቡ ዙሪያ ሲቀመጥ ባለቤቱ ጠቅልሎ ያጎርሰዋል። እንቢ ማለት ነውር ነው፤ አንድ ብቻ ጎርሶ ማቆምም ያጣላል ይባላል። ሰጭውና ተቀባዩ ከአንድ መሶብ የቀረቡ ናቸውና ዛሬ ያጎረሰ ነገ ይጎርሳል።

ይኸው ቃል ከተማ ሲገባ ሌላ ትርጉም ለበሰ፤ ለአሳላፊ የሚተወው ሳንቲም ጉርሻ ተባለ። ፈረንሳዊው ‹‹ለመጠጥ››፥ ሩሲያዊው ‹‹ለሻይ›› ይለዋል። የእኛ ቃል ከምግብ የመጣ ነው። ነገር ግን ስሙ ተወሰደ እንጂ መሶቡ አልተከተለውም፤ አንዱ ተቀምጦ ይሰጣል፥ አንዱ ቆሞ ይቀበላል። (በገባር ሥርዓት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ቆሞ እጅ መንሻ የሚሰጠው ገባሩ፥ ተቀምጦ የሚቀበለው ባላባቱ ነበር። ያንን ግንኙነት የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከመሠረቱ ናደው።)

ወደ አሜሪካ የተሰደደ ወገናችን ግን በልቶ ሊነሣ ሲል ከሒሳቡ ግርጌ ባዶ መስመር ይጠብቀዋል። ከመቶ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ካልጨመረ የአሳላፊዋ ፊት ይጠቁራል። ስግብግብነት ይመስለዋል፤ ታሪኩን ሲያውቅ ግን ፍርዱ ይለወጣል።

ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የፑልማን የባቡር መኝታ ኩባንያ ከባርነት የወጡ ጥቁሮችን በአነስተኛ ደመወዝ ቀጠረ፤ የጎደለውን ከተሳፋሪው እጅ እንዲለቅሙ ተዋቸው። ስማቸውን እንኳ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ተሳፋሪው ሁሉንም በኩባንያው ጌታ ስም ‹‹ጆርጅ›› እያለ ይጠራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበራቸውን መሠረቱ፤ ኩባንያው ውል የፈረመላቸው ግን ከ12 ዓመት ትግል በኋላ በ1937 ነው። ጉርሻን በሕግ የከለከሉ ግዛቶችም ነበሩ፤ እስከ 1926 ድረስ ሁሉም ሕጉን ሻሩት። የ1966ቱ ማሻሻያ ደግሞ አሠሪው ጉርሻውን ከዝቅተኛው ደመወዝ ላይ እንዲያስብ ፈቀደለት። ከ1991 ወዲህ የፌዴራሉ ሕግ ለእንዲህ ያለ ሠራተኛ አሠሪው ከኪሱ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም እንዲከፍል ነው የሚያስገድደው፤ የሚጨምረው ጉርሻው ዝቅተኛውን ደመወዝ ካልሞላ ብቻ ነው።

እንግዲህ ፊቷ የጠቆረው አሳላፊ ለማኝ አይደለችም፤ ደመወዟን ከበላተኛው እጅ የምትጠብቅ ወዛደር ናት። የእኛም ስደተኛ ውሎ አድሮ ትሪ ያነሣል፤ ያን ጊዜ የሚከብደው መስጠቱ ሳይሆን መቀበሉ ነው። አጉራሽ ሆኖ ላደገ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

በሀገራችንም አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደንበኛ የሚገኘውን የአገልግሎት ክፍያ ከደመወዝ አይቆጥረውም።

በዋሽንግተን የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሁለቱ ጉርሻዎች በአንድ ገበታ ይገናኛሉ። ወዳጆች ተጎራርሰው እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ከዚያ ወረቀቱ ይመጣል፥ ባዶው መስመርም አብሮ።