ማጣት፣ ጾም ወይስ ፍርሃት? የወጣት ወንድ ሯጮች የምግብ ጉድለት ከዋግ አንጻር

መነሻ

በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ያለመ ነው። ስሙን የወሰደው ከዋግ ኽምራ ዞን ዋና ከተማ ከሰቆጣ ነው። ድርቅ በሚደጋገምበት የዞኑ ወረዳ በፃግብጂም ሆነ በአጎራባቾቹ ስለ ምግብ ሲነሳ እናትና ሕፃን መቅደማቸው ተገቢ ነው። ከዚያው ማዕድ እየበላ ጠዋት ማታ የሚሮጠውን ጎረምሳ ግን የሚያስበው የለም። የእሱ ቅጥነት ከማጣት፣ ከጾም ወይም ምግብን ከመፍራት ሊመጣ ስለሚችል፣ ምንጩ ሳይለይ የሚሰጥ ምክር አይጠቅመውም።

የተረሳው ወንድ

የአመጋገብ መዛባት የሴቶች ሕመም ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ሞርተን እ.ኤ.አ. በ1689 ከመዘገባቸው ሁለት ሕሙማን አንዱ የ16 ዓመት ወንድ ነበር። በስፖርት ሕክምና ግን የወር አበባ መቋረጥ ዋና ምልክት ሆኖ በመቆየቱ ወንዱ ከመለኪያው ውጭ ቀረ። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ የስፖርተኞችን የኃይል ጉድለት ጽንሰ ሐሳብ አስፍቶ ወንዶችን ያካተተው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከዚያ አስር ዓመት ቀድሞ የታተመ የኖርዌይ ጥናት የአመጋገብ መዛባትን በ8 በመቶ ምርጥ ወንድ ስፖርተኞች ላይ ሲያገኝ፣ ስፖርተኛ ባልሆኑት ላይ ያገኘው በ0.5 በመቶ ብቻ ነበር።

ስሌቱና ምልክቶቹ

55 ኪሎ የሚመዝን፣ ስቡ ሲቀነስ 50 ኪሎ የሚሆን ወጣት በቀን 2,400 ኪሎ ካሎሪ በላ እንበል። 20 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 1,100 ያህሉን ያቃጥላል። ለቀሪው የሰውነት ሥራ የተረፈው 1,300 ለ50 ሲካፈል ለአንድ ኪሎ ስብ አልባ ክብደት 26 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ለሴቶች የአደጋ ወሰን የሚባለው 30 ነው፤ ለወንዶች ስምምነት የተደረሰበት ወሰን የለም። ጉድለቱ ሲቆይ ቴስቶስትሮን ሊቀንስ፣ የወሲብ ፍላጎት ሊጠፋ፣ የቅልጥም አጥንት ሊሰነጠቅ ይችላል። ቅጥነት ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፦ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ 10 የኢትዮጵያ ሯጮችን ያጠና ሥራ የሚበሉትና የሚያወጡት በቀን ወደ 3,200 ኪሎ ካሎሪ ሆኖ ተመጣጥኖ አግኝቶታል።

ምንጩን መለየት

ያጣ ሲያገኝ ይበላል፤ ጿሚ ጾሙ ሲፈታ ይፈስካል፤ የሚፈራው ግን በፋሲካ ማዕድም ሰበብ ይፈልጋል። ላጣው መፍትሔው እህል ነው፤ የሥነ ልቦና ምክር ሆዱን አይሞላለትም። ለጿሚው ሰዓት ማስተካከል ይበጃል፦ ከባዱን ልምምድ ከምግብ በኋላ ወደ አመሻሽ ማዛወር፣ እንደጨረሰም በሶ፣ ሽሮ፣ ምስርና ተልባ ማቅረብ። ጹም አትጹም ማለት የአሰልጣኝ ሥራ አይደለም። የሚፈራውን ደግሞ «ብላ እንጂ» ማለት ብቻ አያድነውም፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የስፖርት መምህራንና አሰልጣኞች ልጆችን በጓደኞቻቸው ፊት መመዘንና ቅጥነትን ማሞገስ ይተዉ። ሰዓቱ የዘገየበትን ሯጭ ልምምድ ከመጨመራቸው በፊት ትናንት ምን እንደበላ፣ ካልበላም ለምን እንደሆነ ለብቻው ይጠይቁት።