በየብስ የቀለለ፣ በውሃ የከበደ፦ የኮምፖዚት የአየር ሲሊንደር ምርጫ ለዜላንድ ጠላቂዎች

በአምስተርዳም፣ በሮተርዳም ወይም በዘ ሄግ የሚኖር ጠላቂ ዋናተኛ የዕረፍት ቀኑን ለማሳለፍ ብዙውን ጊዜ የሚያመራው ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ዜላንድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1953ቱ የጎርፍ እልቂት በኋላ የተሠሩት ግድቦች በዚያ ሁለት ዓይነት የመጥለቂያ ውሃ አስገኝተዋል። ግሬቭሊንገን እ.ኤ.አ. በ1971 በብራውወርስዳም ከባሕሩ ስለተለየ ሐይቅ ሆኗል። የኦስተርስሄልደ መከላከያ እ.ኤ.አ. በ1986 ቢመረቅም በሮቹ በአዘቦት ክፍት ናቸውና ውሃው እንደ ባሕሩ ይሞላል፣ ይጎድላል። ሁለቱም ጨዋማ፣ በክረምትም እጅግ ቀዝቃዛ ናቸው። ወደ ብዙዎቹ የመጥለቂያ ቦታዎች ለመድረስ ደግሞ ሙሉ ትጥቅ ተሸክሞ የካቡን ደረጃ ወጥቶ መውረድ ያስፈልጋል። የኮምፖዚት ሲሊንደር የሚያጓጓው እዚህ ደረጃ ላይ ነው።

ኮምፖዚት ሲሊንደር ስስ የአሉሚኒየም ወይም የፕላስቲክ ውስጠኛ ዕቃ በሬዚን በተነከረ የካርቦን ፋይበር ተጠቅልሎ የሚሠራ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በጀርባቸው የሚያዝሉት 6.8 ሊትር የሚይዘው፣ በ300 ባር የሚሞላው ሲሊንደር የዚሁ ዓይነት ነው። ለእነሱ ጥቅሙ አያከራክርም፤ ጭስ ውስጥ ፎቅ ለሚወጣ ሰው የቀነሰለት ኪሎ ሁሉ ትርፍ ነው። ጠላቂው ግን ለአርኪሜደስ ሕግ ይገዛል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 12 ሊትር የሚይዝ፣ በ232 ባር የሚሞላ የብረት ሲሊንደር ባዶውን 14 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። የሚገፋው የባሕር ውሃም ወደ 14 ኪሎ ግራም ስለሚጠጋ አየሩ ሲያልቅ አይሰምጥም፣ አይንሳፈፍም። በ300 ባር ግፊት አየር ከተለመደው ሕግ ያፈነግጣልና የሚያዘው መጠን ግፊቱን ከሊትሩ ጋር በማባዛት ከሚገኘው አሥር በመቶ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ ከብረቱ እኩል አየር ለመያዝ 10 ሊትር ኮምፖዚት ያስፈልጋል። ይህ 6 ኪሎ ቢመዝንና የውጭ ይዘቱ 13 ሊትር ቢሆን፣ ባዶውን ከ7 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ወደ ላይ ይጎትታል። እሱን ለመመከት የሚታጠቀው እርሳስ ወደ 8 ኪሎ ይጠጋል፤ እርሳሱም ራሱ ውሃ ይገፋልና። 6 ሲደመር 8፣ ያው 14! የተቆጠበው ክብደት ተመልሶ ወገብ ላይ ገባ ማለት ነው።

ጭነቱን ከፍሎ በሁለት ምልልስ ማውረድ ይቻላል የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው፣ ወገቡን ለሚያመው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም የዜላንድ ጠላቂ በቅዝቃዜው ምክንያት ወፍራም ልብስ ስለሚለብስ ከመነሻውም ብዙ እርሳስ ይታጠቃል። በዚያ ላይ 8 ኪሎ የተጨመረበት ቀበቶ በጥልቀት ቢፈታ፣ የሚከተለው መቆጣጠር የሚያቅት ሽቅብታ ነው።

ጨውም የራሱ መዘዝ አለው። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የባሕር ውሃ ሰርጎ ካርቦኑንና አሉሚኒየሙን ካገናኛቸው የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው፤ በመካከላቸው የመስታወት ፋይበር የሚጠቀለለው ይህን ለመከላከል ነው። ለዚህም ነው ለውሃ ውስጥ አገልግሎት የታሰበ ኮምፖዚት ‹ዩ ደብልዩ› የሚለውን ምልክት እንዲይዝ ደንቡ የሚጠይቀው። ምልክቱ የሌለው ያገለገለ የእሳት አደጋ ሲሊንደር የቱንም ያህል ቢረክስ ለባሕር አይሆንም።

ሌላም ወጪ አለ፦ የ300 ባር ቫልቭ ለ232 ባር የተሠራ መተንፈሻ አይገጥምለትም። በ200 ባር ብቻ የሚሞላ ቦታ ላይ ደግሞ ከታሰበው አየር ሲሶው ገደማ ይጎድላል።

ስለዚህ ለግሬቭሊንገንና ለኦስተርስሄልደ የሚመረጠው 12 ሊትሩ ብረት ነው። ወገቡ ያልፈቀደለት ኮምፖዚት ይግዛ፤ ከመክፈሉ በፊት ግን የአውሮፓን የ‹ፓይ› ምልክት፣ ‹ዩ ደብልዩ›ንና የመጨረሻውን የፍተሻ ቀን በገዛ ዓይኑ ያንብብ።