የዓድዋ ጥይትና የራጅ ጨረር፦ የሕክምና ቴክኖሎጂን ታሪክ ከቤተ መጻሕፍት ስለ መፈለግ

ቪልሄልም ሮንትገን የራጅን ጨረር ያገኘው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ሲሆን፣ የመጀመሪያ ጽሑፉን ለቩርስቡርግ ማኅበር ያስረከበው ዲሴምበር 28 ቀን ነው። የዓድዋ ጦርነት የተደረገው ከዚያ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር። የሁለቱ ቀናት መቀራረብ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ያልተጠበቀ አሻራ ትቷል። በዚያው 1896 በናፖሊ ወታደራዊ ሆስፒታል ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ፣ ከኢትዮጵያ ቆስለው በተመለሱ ሁለት ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀረውን ጥይት በራጅ አማካይነት አገኘ። ራጅ በጦርነት ቁስለኞች ላይ የዋለበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ሆኖ የሚጠቀሰውም ይኸው ነው።

ይሁንና የጦር ሜዳ ራጅን ታሪክ ከ1897 የግሪክና የቱርክ ጦርነት ወይም ከ1898 የአሜሪካና የስፔን ጦርነት የሚጀምሩ ጽሑፎች አሉ። አንዱ ምክንያት ቋንቋ ሳይሆን አይቀርም። የአሜሪካኑ የቦርደን ዘገባ በ1900 በእንግሊዝኛ በመንግሥት ታትሞ ሲሠራጭ፣ የአልቫሮ ጽሑፍ ግን የወጣው በጣሊያን ጦር የሕክምና መጽሔት በጣሊያንኛ ነበር።

የዛሬ ተመራማሪ በመጀመሪያ የሚከፍተው ፐብሜድን ነው። የፐብሜድ ዋና መሠረት የሆነው ሜድላይን ግን በአመዛኙ ከ1946 ወዲህ ያለውን ይይዛል። ገጾቻቸው ተቀድተው የገቡ አንዳንድ የቀድሞ መጽሔቶች ቢኖሩም፣ የኮምፒውተሩ መስኮት ባዶ ስለሆነ ብቻ «በጉዳዩ ላይ የተጻፈ የለም» ብሎ መደምደም ችኮላ ነው። ስለ 1896 የሚጠይቅ ሰው በዘመኑ ወደ ተዘጋጁት ማውጫዎች መመለስ አለበት። የአሜሪካ ጦር ዋና ሐኪም ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ጆን ሾው ቢሊንግስ በ1879 ኢንዴክስ ሜዲከስን፣ በ1880 ደግሞ ኢንዴክስ ካታሎግ የተባለውን ትልቅ ማውጫ ማሳተም ጀመረ። (ሆለሪት ለሕዝብ ቆጠራ የሠራው የተበሳ ካርድ ማሽን መነሻ ሐሳብም የዚሁ ሰው እንደሆነ ይነገራል፤ ማውጫ አዘጋጁ ራሱ የቴክኖሎጂ ታሪክ አካል ነው።) የካታሎጉ የመጀመሪያ ተከታታይ በ16 ቅጽ የተጠናቀቀው በ1895 ስለሆነ ራጅን እዚያ መፈለግ ድካም ነው፤ መታየት ያለበት ከ1896 እስከ 1916 የወጣው ሁለተኛው ተከታታይ ነው። ካታሎጉ ዛሬ በኢንተርኔትም ይገኛል።

ሌላው ችግር የስያሜ ነው። ጨረሩ በዚያን ጊዜ የሮንትገን ጨረር፣ ኤክስ ጨረር፣ አዲሱ ፎቶግራፍ፣ ስኪያግራፊ እየተባለ ይጠራ ነበር። «ራዲዮሎጂ» በሚለው ቃል ብቻ የሚፈልግ ሰው ከብዙው ጽሑፍ ጋር ሳይገናኝ ያልፋል። ከመሣሪያው ስም በተጨማሪ «የጥይት ቁስል» በሚለው ርዕስ ሥርም መመልከት ይጠቅማል፤ ሐኪሞቹ ሲጽፉ ትኩረታቸው በቁስለኛው ላይ እንጂ በመሣሪያው ላይ አልነበረምና።

እነዚህን ማውጫዎች የፈተሸ ሰው በአመዛኙ የሚያገኘው ግን የተሸናፊውን ጦር ቁስለኞች ነው። በድል አድራጊው ወገን የቆሰሉትን ማን እንዳከማቸው፣ ጥይቱስ በምን ዘዴ እንደወጣ ለማወቅ ሌላ መደርደሪያ ያስፈልጋል። በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ የሪቻርድ ፓንክኸርስት የ1990 የሕክምና ታሪክ መጽሐፍ፣ የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል፣ እንዲሁም በ1896 ወደ አዲስ አበባ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን የተዋቸው ጽሑፎች ጥሩ መነሻ ናቸው። የመጨረሻዎቹን ለማንበብ ሩሲያኛ የሚያውቅ ባልደረባ መፈለግ ግድ ይላል። በሩሲያ ተምረው የተመለሱ ሐኪሞች በአገሪቱ ጥቂት አይደሉም።