እንደ ተረከብኩት

ከቤት ወደ ቤት ሲንከራተት የኖረ ተከራይ፣ ዕቃ በሚወጣበት ዕለት አከራይ ግድግዳውን የሚቃኝበትን ዓይን ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ክፍል ቤት ስለቅ፣ ስገባ ተሰንጥቆ ያገኘሁትን የመስኮት መስታወት ከፍያለሁ። እትዬ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በዓል በመጣ ቁጥር ድፎ ይልኩልኝ ነበር። መስታወቱ መቼ እንደ ተሰነጠቀ እሳቸውም ዘንግተውት ይሆናል። ውላችን የኪራዩን ልክ፣ ቀኑንና የምስክሮቹን ስም ይዟል። ስለ ቤቱ ግን «አንድ ክፍል ቤት» ከማለት ያለፈ ቃል የለውም።

ያልጻፍናት የርክክብ ወረቀት ታሪክ ያን ጊዜ ያዘኝ። ፍለጋው ፈረንሳይ ድረስ ወሰደኝ፤ በመጽሐፍ ነው ታዲያ።

ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1804 ባወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 1730 እንዲህ ይላል፦ አከራይና ተከራይ ቤቱ የሚገኝበትን ሁኔታ በጽሑፍ ካሰፈሩ፣ ተከራዩ በጽሑፉ መሠረት እንደ ተረከበው ይመልሳል፤ በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የተበላሸው አይታሰብበትም። እስከዚህ ደግ ነው። ያስደነገጠኝ ቀጥሎ ያለው 1731 ነው። ጽሑፍ ከሌለ፣ ተከራይ የሚጠግናቸው ነገሮች ሁሉ ደህና ሆነው እንደ ተረከባቸው ይገመታል፤ አልነበሩም ካለ ራሱ ያስረዳ! ተከራይ የሚጠግናቸው ምን ምን ናቸው? 1754 ይዘረዝራቸዋል፦ በሩን፣ ቁልፉን፣ የግድግዳውን ልስን ከሥር እስከ አንድ ሜትር ከፍታ፣ እንዲሁም በረዶ ካልሰበረው በቀር የመስኮት መስታወት። የእኔ መስታወት፣ ከእኔ መወለድ በፊት የተፈረደበት መሰለኝ።

ፈረንሳዮች ይህን ሸክም ኋላ አቅልለውታል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውና በ2014 የተሻሻለው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ሕጋቸው ርክክቡ ሁለቱም ባሉበት እንዲጻፍ ያዛል። ተከራዩ በገባ በ10 ቀን ውስጥ «ይህ ተረስቷል» ብሎ ማስጨመር ይችላል። ለማሞቂያው ደግሞ ብርድ እስኪገባ ይጠበቅለታል፤ በበጋ ማን ይፈትነዋል?

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የ1952ቱን የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ከዚያ በሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 መጣና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። ተከራዩ ካልጋው ሳይነሳ አከራዩ ተለወጠ። የ2016ቱ አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ አዟል። መልካም ነው። የመስታወቱን ስንጥቅ ግን ሁለቱ ሰዎች ካልጻፉት ማን ይጽፈዋል?

አሁን ያለሁበት ቤት ስገባ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ቀረብኩ። ጋሼ መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ «አላመንከኝም ማለት ነው?» አሉኝ። «ለእርስዎም ነው ጋሼ» አልኳቸው። ቧንቧው እንደሚያንጠባጥብ፣ የጓዳው በር እንደማይገጥም ጻፍን። ወዲያው መነጽራቸውን አወጡና ከእኔ ብሰው ቁጭ አሉ። «የሚስማሩን ቀዳዳስ?» አሉኝ። በጣታችን እየነካን ቆጠርን። 11 ሆነ። እሳቸው ከበሩ ጀርባ አንድ ጨመሩ።