ከውድድር መኪና እስከ ፊንጫ ሸለቆ፡- ‹‹ንፁህ›› የሚባለው ነዳጅ ሒሳቡ የሚወራረደው የት ነው?

በዓለም የመኪና ውድድር ሜዳዎች ከቤንዚን ውጪ የሆኑ የኃይል ምንጮች እየተለመዱ መጥተዋል፡፡ ከእፅዋት የሚገኘው ኢታኖል፣ በባትሪ የሚከማቸው ኤሌክትሪክና ሃይድሮጂን ዋነኞቹ ናቸው፡፡ ለውድድር አዘጋጆች ጉዳዩ ‹‹ስፖርቱ አካባቢን ይበክላል›› ከሚለው ወቀሳ መውጫ መንገድ ነው፡፡ ለወለጋ ነዋሪ ግን ነገሩ በቴሌቪዥን ታይቶ የሚታለፍ ብቻ አይደለም፡፡ ከተጠቀሱት የኃይል ምንጮች ሁለቱ፣ ማለትም ኢታኖልና ኤሌክትሪክ፣ ከነቀምቴ በስተሰሜን ምሥራቅ በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞን በአንድ ወንዝ ውኃ ለዓመታት ሲመረቱ ቆይተዋል፡፡ ወንዙ ፊንጫ ነው፡፡

በመሆኑም የውድድር ሜዳው ያስተማረውን ይዞ ወደ ፊንጫ ሸለቆ መውረድ ይጠቅማል፡፡ ጥያቄውም አንድ ነው፡፡ አንድ ነዳጅ ንፁህ መሆኑ የሚለካው በመኪናው ጭስ ማውጫ ነው ወይስ ነዳጁ በተገኘበት ምድር?

አልኮል በውድድር ሜዳ

የውድድር መኪናን በአልኮል መንዳት አዲስ ነገር አይደለም፡፡ በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ በሚካሄደው የ500 ማይል ውድድር፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ቤንዚን የጫኑ መኪኖች ተጋጭተው በተነሳው እሳት ኤዲ ሳክስና ዴቭ ማክዶናልድ የተባሉ ሁለት ተወዳዳሪዎች ሞቱ፡፡ ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ ተወዳዳሪዎች ፊታቸውን ወደ ሜታኖል አዞሩ፡፡ የሜታኖል እሳት በውኃ ይጠፋል፡፡ ይሁን እንጂ ነበልባሉ በቀን ብርሃን በዓይን ስለማይታይ፣ ሰው እየተቃጠለ አጠገቡ ያለው ሰው ላያውቅ ይችላል፡፡ አንዱ አደጋ ሲቀንስ ሌላ አደጋ ተተካ ማለት ነው፡፡

የኢንዲካር ውድድር እ.ኤ.አ. በ2006 ሜታኖሉ ላይ 10 በመቶ ኢታኖል ጨመረ፤ በ2007 ደግሞ ወደ ኢታኖል ተሸጋገረ፡፡ ፎርሙላ ዋን በ2022 በቤንዚኑ ውስጥ 10 በመቶ ኢታኖል እንዲቀየጥ አደረገ፡፡ ለ2026 የውድድር ዘመን ያወጣው ደንብም ነዳጁ ከምግብ ሰብል ሳይሆን ከተረፈ ምርት፣ ከቆሻሻ ወይም ከአየር ከተያዘ ካርቦን እንዲሠራ ያስገድዳል፡፡ የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር የሚገኝበት የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ከወይን ጠጅ ጭማቂ ተረፈ ምርት በተገኘ ነዳጅ እየተካሄደ ነው፡፡

ተወዳዳሪዎች ኢታኖልን የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ ከቤንዚን በላይ ግፊት ይቋቋማል፤ ወደ ሞተሩ ሲገባም ያቀዘቅዛል፡፡ ጉድለቱ በአንድ ሊትር ውስጥ የያዘው ጉልበት ከቤንዚን በሲሶ ያህል ማነሱ ነው፡፡ ስለሆነም በንፁህ ኢታኖል የሚሄድ መኪና ተመሳሳይ ርቀት ለመጓዝ ከቤንዚኑ የሚበልጥ ሊትር ይፈልጋል፡፡

በኤሌክትሪክ የሚካሄደው ፎርሙላ ኢ በበኩሉ እ.ኤ.አ. መስከረም 2014 በቤጂንግ ተጀመረ፡፡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባትሪው ውድድሩን መጨረስ ስላልቻለ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ አጋማሽ ላይ መኪና ይቀይር ነበር፡፡ በአንድ መኪና መጨረስ የተቻለው በ2018/19 የውድድር ዘመን ነው፡፡

ጭሱ ያለው ከሜዳው ውጪ ነው

ፎርሙላ ዋን የ2018 የውድድር ዘመኑን ብክለት አስልቶ ይፋ ሲያደርግ ብዙዎች ያልጠበቁት ውጤት ወጣ፡፡ ስፖርቱ በዓመቱ 256,551 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም አቻውን ለቋል፡፡ ከዚህ ውስጥ መኪኖቹ ራሳቸው በውድድርም ሆነ በሙከራ ያወጡት 0.7 በመቶ ብቻ ነው፡፡ 45 በመቶው መኪናና ዕቃ ከአገር አገር የማጓጓዝ፣ 27.7 በመቶው የሠራተኞች ጉዞ፣ 19.3 በመቶው የፋብሪካዎችና የቢሮዎች፣ ቀሪው 7.3 በመቶ የዝግጅቱ ድርሻ ነበር፡፡ ወደ ሜዳ የሚተመው ተመልካች ጉዞ በሒሳቡ ውስጥ የለም፡፡

ይህ ማለት የሁሉም መኪኖች ጭስ በአንድ ቀን ቢጠፋ እንኳ ከ100 እጅ 99ኙ ባለበት ይቀራል ማለት ነው፡፡ የፎርሙላ ኢ አዘጋጆችም ከመነሻው ተመሳሳይ ችግር ገጥሟቸዋል፡፡ የከተማው መብራት ከድንጋይ ከሰል የሚመነጭ ከሆነ ‹‹ጭስ አልባው›› መኪና ጭሱን ወደ ኃይል ማመንጫው አሻገረው እንጂ አላጠፋውም፡፡ በመሆኑም አዘጋጆቹ መጀመሪያ ላይ በግሊሰሪን የሚሠሩ ጀነሬተሮችን ይዘው ይዞሩ ነበር፡፡

ትምህርቱ ግልጽ ነው፡፡ ሒሳቡ ከጭስ ማውጫው ወደ ኋላ እስከ ምንጩ ካልተሠራ የተሟላ አይሆንም፡፡ ይህንኑ ሚዛን ይዘን ወደ ፊንጫ እንሂድ፡፡

ከሞላሰስ እስከ ቤንዚን ማደያ

የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከስኳሩ ጎን ለጎን በዓመት እስከ 8 ሚሊዮን ሊትር ኢታኖል የማምረት አቅም ይዞ ተነሳ፡፡ አሠራሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፡፡ ከሸንኮራ አገዳው ስኳሩ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጥቁርና ወፍራም ሞላሰስ በእርሾ ይጠነሰስና እንደ አረቄ በእሳት ይወጣል፡፡ ለቤንዚን ቅይጥ የሚውለው ደግሞ ውኃው ሙሉ በሙሉ እስኪለይ ድረስ እንደገና ይጣራል፡፡

አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2007 የባዮፊውል ስትራቴጂ ካወጣች በኋላ፣ በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ የፊንጫ ኢታኖል ሱሉልታ በሚገኘው የናይል ፔትሮሊየም ዴፖ 5 በመቶ እየተቀየጠ በአዲስ አበባ መሸጥ ጀመረ፡፡ በ2003 ዓ.ም. የቅይጡ መጠን ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል፡፡ በዓመት 12.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም ያለው የመተሐራ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል ማምረቻም ተጨምሯል፡፡ ፎርሙላ ዋን በ2022 የደረሰበትን 10 በመቶ የአዲስ አበባ ታክሲ ከ10 ዓመት በፊት ቀምሶታል ማለት ይቻላል፡፡ ይሁን እንጂ የአቅርቦቱ መዋዠቅ ቅይጡን ያለማቋረጥ ለማስቀጠል አላስቻለም፡፡

ጥቅሙ ቀላል አይደለም፡፡ አሰብ የነበረው ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ ካቆመ ወዲህ ኢትዮጵያ የተጣራ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ታስገባለች፡፡ በሞላሰስ የተተካ እያንዳንዱ ሊትር ዶላር ያድናል፡፡ ሞላሰሱ ተረፈ ምርት በመሆኑም ‹‹ጤፍና በቆሎ ከሚዘራበት መሬት ነዳጅ ታመርታላችሁ›› የሚለው ወቀሳ በቀጥታ አይመለከተውም፡፡

ሆኖም አረቄ ካለ አተላ አለ፡፡ ከሞላሰስ አንድ ሊትር ኢታኖል ሲወጣ ከ10 እስከ 15 ሊትር የሚደርስ ቪናስ የሚባል ትኩስ፣ ጥቁርና አሲድ የበዛበት ፍሳሽ ይቀራል፡፡ አንድ ማምረቻ በዓመት 8 ሚሊዮን ሊትር ኢታኖል ቢያመርት ቢያንስ 80 ሚሊዮን ሊትር አተላ ይኖረዋል ማለት ነው፡፡ ይህ ፍሳሽ ሳይታከም ወደ ወንዝ ቢለቀቅ የውኃውን ኦክስጅን አሟጦ ዓሣውን ይጨርሳል፤ ከታች ያለው ሰውና ከብትም የሚጠጣውን ያጣል፡፡ በሌላ በኩል በፖታሲየም የበለፀገ በመሆኑ፣ እንደ ብራዚል በልክ ተበርዞ ወደ አገዳው ማሳ ቢመለስ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ታሽጎ ቢብላላም ባዮጋዝ ይሰጣል፡፡ ያው ፍሳሽ እንደ አያያዙ መርዝም ሀብትም ነው፡፡

ሁለተኛው ጥያቄ ኢታኖሉ ለማን ይዋል የሚለው ነው፡፡ ቤንዚን ላይ መቀየጥ ከመጀመሩ በፊት ጋያ ማኅበር በሶማሌ ክልል ቀብሪበያህ የስደተኞች መጠለያ ላሉ ቤተሰቦች በኢታኖል የሚሠራ ምድጃ ሲያዳርስ የቆየው ከፊንጫ በሚገኝ ኢታኖል ነበር፡፡ እናቶች ለማገዶ ሩቅ መሄድና በጭስ ዓይናቸውን መጉዳት ቀርቶላቸዋል፡፡ ቤንዚን መቀየጥ ሲጀመር ግን ምድጃውና መኪናው ለአንድ በርሜል ተፎካካሪ ሆኑ፡፡ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ ለሳኒታይዘር ተፈለገ፡፡ ማገዶን የሚተካው ሊትርና ቤንዚንን የሚተካው ሊትር የሚያድኑት ደን፣ የሚያድኑት ሳንባና የሚያድኑት ዶላር እኩል አይደለም፡፡

ያው ወንዝ፣ ሌላ ኃይል

የፊንጫ ውኃ ኤሌክትሪክ ማመንጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፡፡ በኋላ አራተኛ ተርባይን ተጨምሮለት አቅሙ 134 ሜጋ ዋት ደርሷል፡፡ በአቅራቢያው የተሠራው አመርቲ ነሼ ደግሞ 97 ሜጋ ዋት አለው፡፡

ለንፅፅር ያህል ሒሳቡን በግርድፉ እንሥራው፡፡ አንድ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ኢታኖል ይጠጣል ብንል፣ 8 ሚሊዮን ሊትር ኢታኖል 66 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል፡፡ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ በሽቦና በቻርጅ ላይ የሚባክነውን ጨምሮ ለአንድ ኪሎ ሜትር ሩብ ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል ብንል፣ ለዚሁ ርቀት የሚያስፈልገው 16.5 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፡፡ የፊንጫ ማመንጫ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ ይህንን በአምስት ቀናት ያመነጨዋል፡፡ የዓመት ኢታኖል በአምስት ቀን መብራት ተተካ ማለት ነው፡፡ የልዩነቱ ዋና ምክንያት የሚቃጠል ሞተር ከነዳጁ ጉልበት ሦስት አራተኛ ያህሉን በሙቀት መልክ ማባከኑ ነው፡፡

ነገር ግን መብራቱም በነፃ አልመጣም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የፊንጫ ተፋሰስ ጥናት እንደሚያሳየው፣ የግድቡ ሐይቅ 239 ስኩዌር ኪሎ ሜትር መሬት ሸፍኗል፡፡ ከዚህ ውስጥ 120ው ረግረግ፣ 100ው የግጦሽ መሬት፣ 18ቱ እርሻ ነበር፡፡ ከብቱ ሣር፣ ገበሬው ማሳ አጣ፡፡ ሜዳውን የተነጠቀ ገበሬ ወደ ተዳፋቱ ወጥቶ ማረሱ አልቀረም፡፡ ከተዳፋት የሚታጠበው አፈር ደግሞ የሚገባው ወደዚያው ግድብ ነው፡፡ ስለሆነም የገበሬው ጉዳት ውሎ አድሮ የማመንጫውም ጉዳት ይሆናል፡፡ ይህ ሁሉ ግን መኪናው ላይ በሚለጠፈው ‹‹ዜሮ ጭስ›› በሚለው ጽሑፍ ውስጥ አይታይም፡፡

የኤሌክትሪክ መኪና በነቀምቴ መንገድ

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ይፋ አድርጓል፡፡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ደግሞ ለዚህ ውሳኔ ትልቅ ድጋፍ ነው፡፡ የኢትዮጵያ መብራት በአብዛኛው ከውኃና ከነፋስ ስለሚገኝ፣ እዚህ የሚነዳ የኤሌክትሪክ መኪና ከሰል በሚያነዱ አገሮች ከሚነዳው የተሻለ ንፅህና አለው፡፡

የውድድር ሜዳው እዚህም የሚነግረን አለ፡፡ የፎርሙላ ኢ መኪኖች ፍሬን ሲይዙ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ይመልሳሉ፡፡ ይኸው ዘዴ በተራ መኪኖችም ውስጥ ስላለ፣ ዳገትና ቁልቁለት ለሚፈራረቅበት የወለጋ መንገድ የሚመች ነው፡፡ ሆኖም ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፡፡ 400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ የተሸጠ መኪና ጭነት ሲበዛበት፣ ዳገት ሲጠናበትና ባትሪው ሲያረጅ ያንን ያህል አይሄድም፡፡ አምቦ፣ ባኮና ነቀምቴ ላይ አስተማማኝ ቻርጅ ማድረጊያ ሳይኖር ለውጡ የአዲስ አበባ ብቻ ሆኖ ይቀራል፡፡ በበከኒሳ ቀሴና በሌሎች የነቀምቴ ቀበሌዎች ለሚሠራው የባጃጅ ሾፌር ግን ነገሩ ይቀላል፡፡ የቀን ጉዞው አጭር ስለሆነ ማታ ቻርጅ አድርጎ ቀን መሥራት ይችላል፤ መብራቱ ካልጠፋ፡፡

እሳቱንም መርሳት አይገባም፡፡ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2019 በስፔን ሄሬዝ ለኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት ሻምፒዮና የተዘጋጁት 18 ሞተሮች በአንድ ሌሊት እሳት ወድመዋል፡፡ የባትሪ እሳት በቀላሉ አይጠፋም፡፡ ቤቶች ተጠጋግተው በተሠሩባቸው ከተሞች የቻርጅ ቦታና የሽቦ ዝርጋታ ጉዳይ የእሳት አደጋ ጉዳይም ነው፡፡

ባትሪው ራሱ ከማዕድን ይወጣል፡፡ የዓለም ኮባልት በአብዛኛው የሚቆፈረው በኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ነው፡፡ ያረጀው ባትሪ የት ይወገዳል የሚለውም መኪኖቹ በብዛት ከገቡ በኋላ ሳይሆን ዛሬ መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው፡፡

ሃይድሮጂንና ዩብዶ

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2025 በሳዑዲ ዓረቢያ በሃይድሮጂን የሚሠሩ መኪኖች የዓለም ዋንጫ ተካሂዷል፡፡ ሃይድሮጂንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ ፕላቲኒየም ይፈልጋል፡፡ በምዕራብ ወለጋ የሚገኘው ዩብዶ ደግሞ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፕላቲኒየም የወጣበት ስፍራ ነው፡፡ ፕላቲኒየሙ በወንዝ አሸዋና አፈር ውስጥ ስለሚገኝ፣ ፍለጋው በሰፋ ቁጥር የሚታመሰው ወንዙ ነው፡፡

ከኤሌክትሪክና ከካርቦን የሚሠራው ሰው ሠራሽ ቤንዚንም ለውድድር ይጠቅም ይሆናል፡፡ ነገር ግን ለመሥራት ከዋለው መብራት ጎማው ጋ የሚደርሰው ከአምስት እጅ አንዱ እንኳ አይሆንም፡፡ መብራት ያልደረሰው ሕዝብ በሚበዛበት አገር ይህ የሚያዋጣ አይደለም፡፡

ምን ይጠየቅ?

ከላይ ከተዘረዘረው የሚወጣው ድምዳሜ ‹‹ሁሉም ይበክላል፤ ስለዚህ ቤንዚኑ ይሻላል›› የሚል አይደለም፡፡ በኢትዮጵያ ሁኔታ ለከተማ መኪና ኤሌክትሪክ ከሁሉም ይሻላል፡፡ ከተረፈ ምርት የሚገኝ ኢታኖል ደግሞ አተላው በአግባቡ ከተያዘ ጠቃሚ ነው፤ ይበልጥ የሚጠቅመውም ምናልባት በመኪና ውስጥ ሳይሆን በምድጃ ላይ ነው፡፡ ነገር ግን ማንኛውም ነዳጅ ‹‹ንፁህ›› ሲባል አራት ነገሮች መጠየቅ አለባቸው፡፡ ከየት መሬት መጣ? አተላው የት ሄደ? ሲያረጅ የት ይጣላል? ጥቅሙንስ ማን አገኘ?

በአራተኛው ጥያቄ የፊንጫ መልስ እስካሁን አንድ ወገን ያጋደለ ነው፡፡ ቅይጡ የተሸጠው በአዲስ አበባ ማደያዎች ሲሆን፣ አተላውና ሐይቁ የቀሩት ሸለቆው ዘንድ ነው፡፡ ፎርሙላ ዋን 0.7 በመቶ የምትለዋን ቁጥር ራሱ አስልቶ ይፋ ማድረጉ ስፖርቱን ንፁህ አላደረገውም፤ ክርክሩ ግን በግምት ሳይሆን በቁጥር እንዲሆን አስችሏል፡፡ የፊንጫ ፍሳሽ መጠንና አያያዝ፣ የሐይቁ ደለልና የወንዙ ውኃ ጥራትም እንዲሁ በየዓመቱ ተለክቶ ከወንዙ ለሚጠጣው ሕዝብ ቢነገር፣ በሸለቆው የሚኖረው ገበሬ ስለራሱ ውኃ የሚጠይቅበት ማስረጃ በእጁ ይኖረዋል፡፡