ጀማሪ ተጫዋች በራያ ቆላ ተመልካች ዓይን

ጀማሪ ተጫዋችን ከሜዳ ዳር ቆሞ መመዘን በራያ ቆላ ከእግር ኳስ በፊት የነበረ ልማድ ነው። ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በቆቦ ዙሪያ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ወደ ጊዳንና ወደ ላስታ የሚያወጣው ገደል ያጠሩት ሰፊው የራያ ቆላ ሜዳ ተዘርግቷል። ማሽላውና ጤፉ ከተሰበሰበ በኋላ መሬቱ ገላጣ ይሆናል፤ ወጣት እንደ ልቡ የሚሮጥበት ቦታ የሚገኘውም ያኔ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን የሚውለው የገና በዓል ከዚህ ወቅት ጋር ይገጥማል።

የገና ጨዋታ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ክርስቲያን ገበሬዎችና እረኞች ዘንድ የቆየ ነው። ጫፉ የቆለመመው ዱላ ገና ይባላል፤ ከእንጨት ወይም ከጠፍር የሚሠራው ድቡልቡል ደግሞ ሩር። የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፣ የሜዳው ድንበርም እንደ ቦታው ነው። ቡድን ሲከፈል ሁለት አባቶች ይመረጣሉ። ሌሎቹ ከአቻቸው ጋር ጥንድ ጥንድ ይሆኑና ፈቀቅ ብለው የምሥጢር ስም ያወጣሉ፤ አንዱ ወርቅ፣ ሌላው ብር ሊባል ይችላል። ከዚያ ተመልሰው አባቱን የትኛውን እንደሚሻ ይጠይቁታል። አባቱ የሚመርጠው ስም ነው፤ ከስሙ በስተጀርባ ማን እንዳለ አያውቅም።

በዚህ አሠራር ትልቁ ሚዛን ያረፈው በመራጩ ላይ ሳይሆን በጥንዱ ላይ ነው። አንድ ጎረምሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትልልቆቹ ጋር ሊጫወት ሲመጣ «አቻህ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይገጥመዋል። በዱላው የታወቀ ጎልማሳ አብሮት ለመቆም ከተስማማ ፍርዱ ተሰጠ ማለት ነው፤ ካልተስማማም እንዲሁ። ተመልካቹ የሚያየው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሩር ወደ እግሩ ስትመጣ ይሸሻል ወይስ ይጠብቃታል? ዱላ በበዛበት መሐል ይገባል ወይስ ዳር ዳሩን ይሮጣል? ማታ በሚዘፈነው የፉክክር ግጥም የደፈረው ይወደሳል፣ የፈራው ይነካል። በዚህ ቀን ባለጌታ ሎሌውን አይቆጣም መባሉም ለጀማሪው ይጠቅመዋል፤ ከእሱ የሚበልጠውን ሰው ያለ ይሉኝታ እንዲገጥም ፈቃድ ያገኛል።

እግር ኳስ በሌላ መንገድ መጣ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ይማር የነበረውና በኋላ ለክለቡ ለዓመታት የተጫወተው ይድነቃቸው ተሰማ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበር። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ስፖርቱ በዘር ተከፋፍሎ ኢትዮጵያውያን ለብቻቸው እንዲጫወቱ ተደረገ፤ የጊዮርጊስ ልጆችም «ሊቶርዮ ውቤ ሰፈር» በሚል ስም ተሰለፉ። ከደሴ በወልድያ፣ በቆቦና በአላማጣ አድርጎ ወደ መቀሌ የሚወጣውን የመኪና መንገድ የሠሩትም በዚያው ዘመን ጣሊያኖች ናቸው። ኳስ በኋላ በትምህርት ቤቶች፣ በጦር ሰፈሮችና እንደ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ባሉ ፋብሪካዎች አማካይነት በወሎ ሲስፋፋ ይህ መንገድ ዋነኛ መተላለፊያው ሆኗል።

የይድነቃቸው ታሪክ የጀማሪን ነገር ለሚያጠና ሰው ትልቅ ትምህርት አለው። ለጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫውቶ በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦች እንዳስቆጠረ ተመዝግቧል። የ14 ዓመቱን ልጅ አይተው የመሰከሩ ሰዎች ቃል ግን በጽሑፍ በቀላሉ አይገኝም። በኢትዮጵያ እግር ኳስ የመጨረሻው ድምር ሲጻፍ የመጀመሪያው ግምት ብዙ ጊዜ ከሰው አፍ ላይ ቀርቷል፤ ይህ ለታሪክ ጸሐፊ እውነተኛ ጉዳት ነው።

የደጋፊው ሸንጎ ቅርጽ የያዘው በአዲስ አበባ ስታዲየም ነው። ሚስማር ተራ፣ ካታንጋ፣ ከማን አንሼና ጥላ ፎቅ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አስተያየት ሰጪዎች ነበሯቸው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በዚሁ ስታዲየም ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ የመጨረሻዋን ግብ ያስቆጠረው መንግሥቱ ወርቁ ሃያዎቹን ገና የጀመረ ወጣት ነበር። ከግብፁ ባዳዊ ጋር በእኩል 3 ግቦች የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ በአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች በድምሩ 10 ግቦች አሉት። ከዚያ ወዲህ ብቅ ያለ አጥቂ ሁሉ «እንደ መንግሥቱ ይሆን?» እየተባለ መመዘኑ አልቀረም። ሚዛኑ እጅግ ከባድ ነበር፤ ብዙ ወጣት ያለ ዕድሜው ተጭኖበታል።

ለቆቦ ሰው ይህ ሁሉ በጆሮ የሚደርስ ነበር። አዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በሬዲዮ ዘመን ተጫዋችን የሚያሳየው የአስተላላፊው ድምፅ ነው፤ ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የአስተላላፊው የደምሴ ዳምጤ ስርጭት በሕዝብ ጆሮ የቀረው ለዚህ ነው። ያላዩትን ተጫዋች በሬዲዮ የሚመዝን ደጋፊ ስሙ በተደጋጋሚ የሚጠራውን ያከብራል። ኳስ ሳይነካ ቦታ የሚይዘው፣ ተከላካይ አስከትሎ ለጓደኛው ክፍት የሚሠራው ጀማሪ በሬዲዮ አይታይም። የአጥቂ ፍቅር በሀገሪቱ ሥር የሰደደበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በሰፈር ሜዳ ግን ዓይን ሥራውን አላቆመም። በክረምትና በበጋ የታዳጊዎች ውድድር ላይ የሚሰማው ቋንቋ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው። «ኳስ ይችላል» የመጀመሪያው ምስጋና ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። «ሜዳ ያያል» የሚባለው ኳሷ ሳትደርሰው ለማን እንደሚሰጥ የወሰነ ልጅ ነው። «ልብ አለው» የሚለው የገናን ጨዋታ ሚዛን በቀጥታ የወረሰ ይመስላል። «ጉልበት ይቀረዋል» ሲባል ተስፋው አልተዘጋም፤ ጊዜ ይሰጠው ማለት ነው። «ኳስ ይደብቃል» ግን ወቀሳ ነው፤ ብቻውን የሚያታልል ልጅ ተመልካችን ቢያስደስትም የሚያውቁት አዛውንቶች ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ከሁሉ የሚያከራክረው ዕድሜ ነው። ከእኩዮቹ በላይ የሚያበራ ልጅ ሁሉ ዕድሜው ይጠየቃል። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ከ17 ዓመት በታች በሚደረገው የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ መመርመር የጀመረውም ይኸው ጥርጣሬ በዓለም ዙሪያ ስለነበረ ነው።

ጀማሪን የመመዘኑን ሥራ በሥርዓት የሚያካሂዱ ሀገሮች አሉ። በአሜሪካ ፉትቦል ደካማው ቡድን ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ወጣቶች በቅድሚያ የሚመርጥበት ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ይሠራል። ከሁሉ በላይ የሚመረመረው ኳርተርባክ የሚባለው፣ ኳሷን ተቀብሎ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ለማን እንደሚወረውር የሚወስነው ተጫዋች ነው። ቁመቱና ፍጥነቱ ይለካል፣ የተቀረጹ ጨዋታዎቹም ይታያሉ። ይህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1998 በአንደኛነት የተመረጠው ፔይተን ማኒንግ በመጀመሪያ ዓመቱ 28 ኳሶችን ለተጋጣሚ አስነጥቆ ቡድኑ 13 ጊዜ ተሸነፈ፤ በኋላ ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ከእሱ ቀጥሎ የተመረጠው ራያን ሊፍ ብዙም ሳይቆይ ከስፖርቱ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2000 199ኛ ሆኖ የተመረጠው ቶም ብሬዲ ሰባት ዋንጫ አነሣ። መለኪያው ቢበዛም የአንድ ዓመት ማስረጃ በቂ እንዳልሆነ እነዚህ ሦስቱ ያሳያሉ። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ የምርጫ ደንብ የለም፤ ወጣት ወደ ክለብ የሚገባው በታዳጊ ቡድን፣ በሰው ጥቆማ ወይም በሙከራ ነው። ስለዚህ ከሜዳ ዳር የሚነገር ቃል እዚህ ከወሬ ያለፈ ክብደት አለው፤ ለአንድ የገጠር ልጅ ብቸኛ ማስረጃው ሊሆን ይችላል።

ትልቅ ክለብ ለራያ ቆላ የቀረበው በ2007 ዓ.ም. ወልድያ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገ ጊዜ ነው። ክለቡ በዓመቱ ወርዶ በ2009 ዓ.ም. ተመለሰ። በዚያው ዓመት ጥር ወር ላይ በሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስም የተሰየመው፣ 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዘው ስታዲየም በወልድያ ተመረቀ። ክለቡ በ2010 ዓ.ም. መልሶ ከሊጉ ወረደ። የሰሜን ወሎ ደጋፊ የሀገሪቱን ምርጥ ወጣቶች በገዛ ዓይኑ፣ በገዛ ከተማው የመዘነበት ዘመን አጭር ነበር።

ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሊጉ ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ በቀጥታ ሲተላለፉ የርቀቱ ነገር ተለወጠ። አጋጣሚ ሆኖ በዚያ የውድድር ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ግቦች አስቆጥሮ ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ዓ.ም. ለመብራት ኃይል ተጫውቶ ያስመዘገበውን የ24 ግብ ክብረ ወሰን ሰበረ። ዮርዳኖስን አብዛኛው የክፍለ ሀገር ደጋፊ በሬዲዮ ነበር የሚያውቀው፤ አቡበከርን ግን ቴሌቪዥን ያለበት ሻይ ቤት ሁሉ አየው። ክርክሩም ተሻሻለ። በትግራይ የተቀሰቀሰው ጦርነት የዚያን ክልል ክለቦች ከውድድር በማስወጣቱ ሊጉ በ13 ክለቦች ብቻ መካሄዱ ተነሣ፤ የግቦቹ ዓይነት፣ የእግሩ ፍጥነት፣ ተከላካይ ሲጠነክር ምን እንደሚያደርግ በማስረጃ ተነገረ። አቡበከር በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ከተዛወረ በኋላ ጉዳት ደጋግሞ ከሜዳ አራቀው። ክብረ ወሰኑ ግን የአንድ ዓመት ብልጭታ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት ቡናማውን ማልያ ለብሶ ሲያድግ ደጋፊው አይቶታል።

ቆቦ ራሷ ግን በዚያው ጊዜ ከባድ መከራ ላይ ወደቀች። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ከተማዋ ገባ፤ ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በአካባቢዋ ውጊያው እንደገና ተቀሰቀሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም ሌላ ግጭት ቀጠለ። ለ15 ዓመት ታዳጊ ሁለት ወይም ሦስት የውድድር ዓመት ማጣት ከ17 ዓመት በታች ያለውን ደረጃ ሳይታይ ማለፍ ነው። ከወልድያ ሌላ በፕሪሚየር ሊግ ከተጫወቱት የአማራ ክልል ክለቦች ፋሲል ከነማና ባሕር ዳር ከነማ ያሉት በምዕራቡ ወገን፣ ከላስታ ከፍታዎች ማዶ ነው። የቆቦ ልጅ ለሙከራ ወደዚያ ሲሄድ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ በሰፈሩ ሜዳ ለዓመታት ያዩት ሰዎች የሚያውቁትን ሁሉ በዚያ ጊዜ ማሳየት ይጠበቅበታል።